ድንጋዩና ስሙ፦ የላቨንሃም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ኪነ ሕንፃ

ኪነ ሕንፃን ከሌሎች የኪነ ጥበብ ዘርፎች የሚለየው ዐቢይ ባሕርይ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው የማይችል መሆኑ ነው። ባለቅኔ ቅኔውን፣ ሠዓሊም ሥዕሉን በአንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ሊጨርስ ይችላል። ሕንፃ ግን ድንጋይ ፈላጩን፣ ኖራ አቃጣዩን፣ አናጺውን፣ ግንበኛውንና ጋሪ ነጂውን ሳያሰባስብ ከመሠረቱ ከፍ አይልም። ሥራው ተፈጽሞ ስም የሚቀረጽበት ሰዓት ሲደርስ ግን በድንጋዩ ላይ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የከፋዩ ስም እንጂ የሠሪው አይደለም። ስለዚህ ሕንፃን የሚመረምር ሐያሲ ሁለት ጽሑፎችን ማንበብ ይጠበቅበታል፤ አንደኛው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ስም ሲሆን ሁለተኛው ድንጋዩ ራሱ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገሩም።

ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ከሚሆኑት ሥራዎች አንዱ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ ላቨንሃም በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ ስም የተሰየመው ይህ ሕንፃ 141 ጫማ ወይም 43 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የደወል ግንቡ ከሩቅ ይለያል። የሕንፃው ዋና ክፍል የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1485 ገደማ እስከ 1525 ገደማ ባሉት 40 ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ላቨንሃምና ስለ መሰሎቹ ሕንፃዎች ሲነገር ሁለት ዓይነት አስተያየቶች ተደጋግመው ይሰማሉ። የመጀመሪያው አስተያየት ሕንፃውን የባለጸጎች ልግሥና ውጤት አድርጎ ያቀርባል። በዚህ አመለካከት መሠረት ሕንፃው የተሠራው ሀብታም ነጋዴዎችና መኳንንት ፈጣሪያቸውን ስለወደዱ ነው፤ ሌላው ሰው ተመልካች ብቻ ነበር። ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ በተቃራኒው ቤተ ክርስቲያኑን የገዥው መደብ መሣሪያ ብቻ አድርጎ ያይና ከዚህ በላይ የሚመረመር ነገር እንደሌለው ቆጥሮ ያልፈዋል። ሁለቱ የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም የሚያነቡት በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ስም እንጂ ድንጋዩን አይደለም፤ ሁለቱም ሕንፃውን ላላነጸው ወገን አስረክበውት ይሄዳሉ።

መቅደስና የምእመናን አዳራሽ

የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በመሠረቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። በስተ ምሥራቅ ያለው ቀሳውስት የሚቀድሱበት መቅደስ ሲሆን፣ በስተ ምዕራብ ያለው ሰፊ ክፍል ደግሞ ሕዝቡ የሚቆምበት አዳራሽ ነው። በመካከላቸው ከእንጨት የተሠራ ጥርብ ግርዶሽ ይቆማል። ከግርዶሹ በላይ የስቅለት ምስል ይደረግ ነበር።

ይህ ክፍፍል የሥርዓተ ጸሎት ብቻ አልነበረም። ከ13ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ በጸናው ልማድ መሠረት መቅደሱን የመሥራትና የመጠገን ግዴታ የአጥቢያው አሥራት ተቀባይ የነበረው የደብሩ አለቃ ሲሆን፣ የምእመናኑን አዳራሽ የመሥራትና የመጠገን ግዴታ ግን የራሱ የሕዝቡ ነበር። በብዙ ቦታ አሥራቱን የሚቀበለው ሩቅ ያለ ገዳም ነበርና መቅደሱን ለማደስ እምብዛም አይቸኩልም ነበር። በሌላው ወገን ሕዝቡ የራሱን ክፍል ለማስፋት፣ ከፍ ለማድረግና ብርሃን ለማስገባት ገንዘብም ጉልበትም ያዋጣል። ከዚህ የተነሣ በአያሌ የእንግሊዝ መንደሮች አንድ የሚያስገርም ቅርፅ ይታያል። ቅዱስ የተባለው ክፍል ዝቅ ያለና ያረጀ ሆኖ ሳለ፣ ገበሬውና ሸማኔው የሚቆሙበት ክፍል ከፍ ብሎና ደምቆ ይገኛል።

ላቨንሃምም ከዚህ የተለየ አይደለም። መቅደሱ በ14ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ አካባቢ የተሠራና ዝቅ ያለ ነው፤ ግርዶሹም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ከእርሱ በስተ ምዕራብ የተነሣው አዳራሽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተገነባ ሲሆን በከፍታም በብርሃንም ይበልጠዋል። ከውጭ ቆሞ ለሚመለከት ሰው የሁለቱ ጣሪያዎች ልዩነት በግልጽ ይታያል። ይህን ልዩነት የቅርፅ ጉድለት አድርጎ የሚቆጥር ሐያሲ ቢኖር ተሳስቷል። በዚያ ስፌት ላይ የሚነበበው ሁለት ባለዕዳዎች የየድርሻቸውን የፈጸሙበት የሒሳብ መዝገብ ነውና።

ባልጩትና ብርሃን

የሰፎክ ምድር ለግንባታ የሚመች ድንጋይ የለውም። ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ባልጩት ግን እንደ ልብ ይገኛል። ባልጩት ጠንካራ ቢሆንም ትንንሽና ቅርፀ ብዙ በመሆኑ ማዕዘን ለማውጣት አይመችም። በመሆኑም ግንበኞች ግድግዳውን በባልጩትና በብዙ ኖራ እየሞሉ፣ ማዕዘኑን፣ የመስኮቱን ጠርዝና ቅስቱን ደግሞ ከሌላ አገር በጀልባና በጋሪ በመጣ ጥርብ ድንጋይ ይሠሩት ነበር። ኖራው ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ግድግዳው በአንድ የሥራ ወራት ብዙ ከፍ ሊል አይችልም፤ ከበረዶው ወቅት በፊት ሥራው ቆሞ በሚቀጥለው ጸደይ ይቀጥላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግንብ የብዙ ዓመታት ትዕግሥት ውጤት ነው።

ከዚህ ችግር ውስጥ የአካባቢው ባለሙያዎች አንድ ጥበብ አወጡ። ባልጩቱን ለሁለት ሰንጥቀው ጥቁሩንና የሚያንጸባርቀውን ፊቱን ወደ ውጭ በማዞር፣ በነጣው ጥርብ ድንጋይ መካከል እየሰገሰጉ ሐረግ፣ ፊደልና ልዩ ልዩ ንድፍ ሠሩበት። በሰፎክና በኖርፎክ ቤተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ጌጥ የተወለደው ከድንጋይ እጦት ነው። እጦትን ወደ ውበት የለወጠው የሠራተኛው እጅ እንጂ የከፋዩ ኪስ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የአዳራሹ ቅርፅም ራሱን የቻለ አመክንዮ አለው። በጥንቱ የኖርማን አሠራር ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱም ጠባብ ነበር፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ግድግዳው ነበርና። በ14ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ተጀምሮ እስከ 16ኛው መጀመሪያ በዘለቀው የእንግሊዝ ቀጥ ያለ ስልት ግን ክብደቱ በዓምዶችና ከውጭ በተተከሉ ደጋፊ ግንቦች ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋይ ሳይሆን ከእንጨት ይሠራ ስለነበር ክብደቱ ቀላል ነበር። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ሊሳሳና መስኮቱ ሊሰፋ ቻለ። የመስኮቶቹ ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች እንደ ቀድሞው ዘመን ሐረግ ከመጠማዘዝ ይልቅ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ስልቱ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። ከዓምዶቹ በላይ የተደረደሩት የላይ መስኮቶች ደግሞ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ አዳራሹ መካከል፣ ሕዝቡ ወደሚቆምበት ቦታ ያወርዱታል።

የላቨንሃም አዳራሽ ጥንካሬ ያለው በዚህ ላይ ነው። ዓምዶቹ ቀጫጭን በመሆናቸው ሰው ከየትኛውም ቦታ ቆሞ ዙሪያውን ሊያይ ይችላል። በመካከል ያለውና በጎን ያሉት ክፍሎች እንደ አንድ ክፍል ይሰማሉ። ጨለማ፣ ጥግና ድብቅ ቦታ የለም። ቅርፁ ራሱ አዳራሹ የብዙ ሰዎች የጋራ ቦታ መሆኑን ይናገራል።

የሠሪዎቹ ስም

የእነዚህ ሕንፃዎች ሠራተኞች ስም ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይደለም። በድንጋይ ላይ ባይቀረጽም በወረቀት ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል። በዚያው በሰፎክ፣ በባሕሩ ዳርቻ በምትገኘው በዎልበርስዊክ መንደር የደወል ግንብ ለመሥራት በ1426 የተፈረመ ውል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ቆይቷል። ግንበኞቹ ሪቻርድ ራስልና አዳም ፓውል ይባሉ ነበር። ክፍያቸው ግንቡ በአንድ ያርድ ከፍ ባለ ቁጥር 40 ሺሊንግ ሲሆን፣ በየዓመቱ የጨው ዓሣና የሚለብሱት ቀሚስም በውሉ ተጨምሮላቸዋል። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የንድፉ ጉዳይ ነው። ውሉ ግንቡ የአንድ ጎረቤት መንደር ግንብ እንዲመስል፣ በሩና መስኮቶቹ ደግሞ የሌላ ጎረቤት አጥቢያን ያህል መልካም እንዲሆኑ ያዛል። ከዚህ እንደምንረዳው መንደርተኞቹ ባዶ እጃቸውን የሚጠብቁ ተመልካቾች አልነበሩም። ዞረው አይተዋል፤ አወዳድረዋል፤ መርጠዋል። በአጭሩ ሂስ አድርገዋል።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል፣ የቦድሚን ከተማ ነዋሪዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን ከ1469 እስከ 1472 እንደገና ሲሠሩ የተያዘው የሒሳብ መዝገብም ይህንኑ ያረጋግጣል። የየሙያው ማኅበር ከአባላቱ ሰብስቦ ገቢ አድርጓል፤ ግለሰቦችም የአቅማቸውን አዋጥተዋል። ገንዘብ ያጣው በዕቃና በጉልበቱ ረድቷል። በየአጥቢያው ይህን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠሩት ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ሲሆኑ፣ በየጊዜው በምእመናኑ ፊት ሒሳብ ያስመረምሩ ነበር። ጠላ ጠምቆ በመሸጥና ድራማ በማሳየት የሚገኘው ገቢም ወደዚሁ ካዝና ይገባ ነበር። እንግዲህ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ በጋራ ንብረት ማስተዳደርን የተለማመደበት ተቋም ነበር ማለት ነው።

ኮከቡና የነጋዴው ምልክት

ላቨንሃም ግን ከቦድሚን በአንድ ነገር ትለያለች፤ እርሱም የሀብት ክምችት ነው። ከተማዋ በሰማያዊ ቀለም በተነከረ የሱፍ ጨርቋ የታወቀች ነበረች። በ1524 በተሰበሰበው ግብር መሠረት ከእንግሊዝ ባለጸጋ ከተሞች 14ኛዋ እንደነበረች ይነገራል። ይህን ሀብት ያስገኘው አሠራር ቀላል ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ሱፉን ገዝቶ በየጎጆው ላሉት ፈታዮች ያድላል፤ ፈትሉን ለሸማኔ ይሰጣል፤ የተሸመነውንም ለአጣቢውና ለቀላሚው ያስተላልፋል። ጥሬ ዕቃውም የተጠናቀቀውም ጨርቅ የእርሱ ነው። ሠራተኛው የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ነው። ካፒታል ከፋብሪካ በፊት የተወለደው እንዲህ ባሉ መንደሮች ውስጥ ነበር።

ስማቸው በሕንፃው ላይ የቀረው ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው የላቨንሃም ባለርስት የነበረው 13ኛው የኦክስፎርድ ኧርል ጆን ዲ ቪር ነው። ይህ ሰው በ1485 በቦስዎርዝ ጦርነት ለሄንሪ ቱዶር ተሰልፎ ከተዋጉት ታላላቅ አዛዦች አንዱ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዳግም ግንባታም ከዚያ ድል ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሁለተኛው ወገን የስፕሪንግ ቤተሰብ ነው። በ1486 የሞተው ቶማስ ስፕሪንግ ለግንቡ ሥራ ገንዘብ በኑዛዜ ትቷል፤ በ1523 የሞተው ልጁ ቶማስ ስፕሪንግም ግንቡ እንዲጠናቀቅ 200 ፓውንድ አውርሷል። ስለዚህ የዲ ቪር ኮከብና ከርከሮ፣ የስፕሪንግም የንግድ ምልክትና አርማ በሕንፃው ላይ ተቀርጸዋል። የስፕሪንግ አርማ በግንቡ ጫፍ ዙሪያ ደጋግሞ ይታያል።

የቅርፅ ሂስ መከፈት ያለበት እዚህ ላይ ነው። አርማዎቹ ከውጭ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እንደ ፊርማ ሊታለፉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ለስፕሪንግ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ለዲ ቪር ቤት የተሠሩ ሁለት የእንጨት አጥሮች ቆመዋል። ጥርባቸው እጅግ ረቂቅ ነው፤ የአናጺው ችሎታ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ሆኖም አጥሮቹ የተተከሉት ሕዝቡ በሚቆምበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀጫጭኖቹ ዓምዶች ለሁሉ የከፈቱትን ቦታ አጥሮቹ ለሁለት ቤተሰቦች መልሰው ይከልሉታል። ዓምዱ የጋራ ሲል አጥሩ የግል ይላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አሳቦች ይጋጫሉ፤ የላቨንሃም ኪነ ሕንፃ ሕያውነትም ከዚህ ግጭት ይመነጫል።

ድምፁን የተቀማ ደወል

ግጭቱ በቅርፅ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1525፣ ግንቡ ሊጠናቀቅ በተቃረበበት ሰሞን፣ ካርዲናል ዎልሲ ለንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የፈረንሳይ ዘመቻ ከምእመናን የንብረታቸውን አንድ ስድስተኛ የሚጠይቅ ግብር ጣለ። የሰፎክ የጨርቅ ነጋዴዎች ለመክፈል ከተስማሙ በኋላ ወደየቤታቸው ተመልሰው ለፈታዮቹና ለሸማኔዎቹ ከእንግዲህ ሥራ ሊሰጧቸው እንደማይችሉ ነገሯቸው። ሸክሙ ከነጋዴው ትከሻ ወርዶ በሠራተኛው ላይ ዐረፈ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ሆል እንደመዘገበው ከላቨንሃም፣ ከሳድበሪና ከሃድሊ 4,000 ያህል ሰዎች ተነሡ። የኖርፎክ መስፍን መሪያቸው ማን እንደሆነ በጠየቃቸው ጊዜ ጆን ግሪን የተባለ ሽማግሌ ሸማኔ የመሪያቸው ስም ድህነት መሆኑን ገለጸለት። በመጨረሻም ንጉሡ ግብሩን ለመተው ተገደደ፤ የዓመፁ መሪዎችም ምሕረት ተደረገላቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኪነ ሕንፃ ሂስ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። ለዓመፁ መነሻ ምልክት ይሆናል የተባለው የላቨንሃም ቤተ ክርስቲያን የደወል ድምፅ ነበር። ይሁን እንጂ እንደሚተረከው ለመንግሥት የታመኑ የከተማው ሰዎች አስቀድመው የደወሎቹን ምላስ አወጡ። ደወሉ ተሰቅሎ ሳለ ድምፅ አጣ።

የግንብ ተግባር ምንድን ነው? በሰፎክ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚታየው ግንብ የተሠራው የደወሉ ድምፅ ሩቅ እንዲደርስ ነው። ለጸሎት፣ ለቀብር፣ ለእሳት አደጋና ለጠላት ሕዝቡን የሚጠራው እርሱ ነው። ፈታዩና ሸማኔው ባፈሩት ሀብት የቆመው ግንብ ፈታዩንና ሸማኔውን ለመጥራት ሲፈለግ ምላሱን ተነጠቀ። የ1525ቱ ድርጊት በድንጋይ የማይነበበውን ጥያቄ በግልጽ አወጣው፤ ሁሉ የሠራው ሁሉም የሚያዝበት አልነበረም። ሆኖም ምላሱን ማውጣት ያስፈለገው ደወሉ የሕዝቡ መጥሪያ መሆኑን ባለጸጎቹ ጭምር ያውቁ ስለነበር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የገዥዎች መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደወሉን የሚፈራው ማን ነበር?

ኖራ የሸፈነው ሥዕል

ሕዝቡ በአዳራሹ ቆሞ ወደ መቅደሱ ሲመለከት ያይ የነበረው ነገርም ይህን ያጠናክራል። በመቅደሱ ቅስት ላይ የዕለተ ምጽአትን ፍርድ መሣል በእንግሊዝ አጥቢያዎች የተለመደ ነበር። ከላቨንሃም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ እዚያው ሰፎክ ውስጥ በምትገኘው በዌንሃስተን መንደር አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ከጥፋት ተርፏል። ሥዕሉ የተሠራው በእንጨት ሳንቃ ላይ ሲሆን፣ በ16ኛው ምዕት ዓመት በተነሣው የሃይማኖት ለውጥ ምክንያት በኖራ ተሸፍኖ ነበር። በ1892 ሕንፃው ሲታደስ ሳንቃዎቹ እንደማይረቡ ተቆጥረው በግቢው ተጣሉ፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ኖራውን አጥቦ ሥዕሉን ገለጠው።

በዚህ ሥዕል ላይ ለፍርድ ከቀረቡት መካከል ዘውድ የደፋ ንጉሥና የጳጳስ አክሊል የጫነ ሰው ይገኙባቸዋል። ከራሳቸው ጌጥ በቀር ራቁታቸውን ናቸው። የመንደሩ ሠዓሊ ስሙን አልተወም። ይሁን እንጂ ገበሬው በየእሑዱ ቆሞ የሚያየው ሥዕል ንጉሡ ከዘውዱ ሌላ ይዞት የሚሄደው ነገር እንደሌለ ይነግረው ነበር። ይዘቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ በውስጡ ያለው ፍርድ ግን በዚህ ዓለም ሥርዓት ላይም የተሰጠ ፍርድ ነው።

የጥገና ጥያቄ

በ1547 እና በተከታዮቹ ዓመታት ሥዕሎች በኖራ ተቀቡ፤ ምስሎችም ወረዱ። የጨርቁ ንግድም በ16ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከላቨንሃም እየራቀ ሄደ። ከተማዋ ደኸየች፤ አዲስ ለመሥራት አቅም በማጣቷም አሮጌው እንዳለ ቆየላት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሐያሲ አሳሳቢ የሆነው ግን በ19ኛው ምዕት ዓመት የደረሰው ነው። በ1839 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የካምደን ማኅበር የ14ኛውን ምዕት ዓመት መጀመሪያ ስልት ብቻ ትክክለኛና ንጹሕ አድርጎ ሰበከ። በዚህ ትምህርት የተመሩ ሠራተኞች በብዙ አጥቢያዎች የኋለኛውን ዘመን ሥራ እያፈረሱ፣ ጥንታዊ መሳይ አዲስ ሥራ ተኩ። ግድግዳው ተፋቀ፤ የተለያዩ ዘመናት ስፌት ጠፋ። ሕንፃው ወጥ ሆነ፤ ነገር ግን ታሪኩን የሚናገርበት አንደበት አጣ።

ይህን በመቃወም ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ባለቅኔው፣ የእጅ ሙያ ባለቤቱና በኋላም የሶሻሊስት ታጋይ የሆነው ዊልያም ሞሪስ ነው። በ1877 ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። የማኅበሩ መመሪያ ጥገና እንጂ ተሃድሶ አያስፈልግም የሚል ነበር፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ይደፈን፣ የዘመመው ግድግዳ ይደገፍ፣ ዘመናት ያኖሩት አሻራ ግን አይነካ። በዊልትሺር አውራጃ የምትገኘው ትንሿ የኢንግልሻም ቤተ ክርስቲያን በዚህ መርሕ ተጠግና እስከ ዛሬ ሳትፋቅ ቆይታለች። የሞሪስ አቋም የናፍቆት ጉዳይ አልነበረም። በድንጋዩ ላይ ያለው የመሮ ጭረት ስሙ ያልተጻፈው ሠራተኛ ብቸኛ ፊርማ መሆኑን ተገንዝቦ ነበር። ያን ጭረት የሚፍቅ ሰው ሠራተኛውን ለሁለተኛ ጊዜ ስም አልባ ያደርገዋል።

ፍርድ

የላቨንሃም ቤተ ክርስቲያን እንከን የሌለበት ሥራ አይደለም። ግንቡ ከአዳራሹ ጋር ሲተያይ እጅግ ገዝፏል፤ በተለይም ከዝቅተኛው መቅደስ ጋር ያለው ሚዛን የተዛባ ነው። ጫፉም የሚጠበቀው ሾጣጣ ጌጥ ሳይደረግበት በድንገት ያበቃል። የአርማዎቹ መደጋገም አንዳንድ ቦታ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ጩኸት ይሆናል። ሁለቱ አጥሮች በተናጠል ሲታዩ ድንቅ ቢሆኑም የአዳራሹን አንድነት ይጎዱታል። በአንጻሩ የአዳራሹ ብርሃን፣ የዓምዶቹ ቅጥነትና የባልጩቱ አሠራር የእንግሊዝ የአጥቢያ ኪነ ሕንፃ ከደረሰባቸው ከፍታዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። የሕንፃው ጥንካሬ ለብዙዎች በተሠራው ክፍል፣ ድክመቱም ለጥቂቶች በተሠራው ክፍል መገኘቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሕንፃውን የባለጸጎች ስጦታ ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን የሚያሳየው አርማውን ብቻ ነው። የገዥዎች መሣሪያ ነው ብሎ የሚያልፍ ካድሬ ደግሞ የሸማኔውን፣ የራስልንና የፓውልን ሥራ ለስፕሪንግና ለዲ ቪር በነጻ ይለቅላቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ከአርማው ወደ ድንጋዩ መሻገር ነው። ጣሪያው የት ላይ ዝቅ ይላል? ብርሃኑ በማን ላይ ይወርዳል? አጥሩ የማንን ቦታ ይወስዳል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ ተመልካች ያለ ጽሑፍ ብዙ ያነባል።

በላቨንሃም ግንብ ውስጥ ካሉት ደወሎች በድምፁ ውበት እጅግ የተደነቀው ትልቁ ደወል የተቀለጠው በ1625፣ በኮልቼስተሩ ደወል ሠሪ በማይልስ ግሬይ እጅ ነው። ያ ደወል ምላስ በተወጣባቸው ደወሎች አጠገብ አልነበረም፤ መቶ ዓመት ዘግይቶ ደርሷል። ነገር ግን የተሰቀለው በዚያው የሸማኔ ድካም ባቆመው ግንብ ላይ ነው። ድምፁ ሩቅ የሚሰማው ግንቡ ከፍ ስላለ ነው፤ ግንቡንም ያርድ በያርድ ከፍ ያደረጉት ስማቸው በጫፉ ላይ ያልተቀረጸው ናቸው።